አንድ ጊዜ እምቢ በል

«ለእትዬ ግን እንዳይነገር» ስትል ነው የሰማኋት። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር። ጀዊሪያ፣ የታናሽ ወንድሜ የነጅሙዲን ሚስት፣ ከቆርቆሮው ግርዶሽ ወዲያ ሆና ዋጃ ላሉት እናቷ ደውላለች። የኛ ሰፈር ኔትወርክ ካልጮኹበት አይሰማም፤ ስለዚህ ምስጢሯንም የምታወራው እየጮኸች ነው። ነጅሙዲን ዛሬ ከሰዓት የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ሊባል ነው፣ ቦርዱ ጨርሷል፣ ማታ ዶሮ ይባረካል፣ በጊዜ ድረሱ አለቻቸው። ቀጥላም ለእትዬ ግን እንዳይነገር፣ ስብሰባው ላይ ራሷ ትሰማዋለች አለች። እትዬ እኔ ነኝ፤ ሰይዳ።

መፋቂያው አፌ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። የገበሬ ማህበራቱ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅነት ማለት እኮ እኔ የምሠራው ሥራ ነው! ጦርነቱ ቆቦ የገባ ጊዜ «ቤተሰቤን ደሴ አድርሼ ልምጣ» ብሎ የወጣው ሥራ አስኪያጅ ይኸው እስከ ዛሬ እያደረሰ ነው። ከዚያ ወዲህ የቆላውን ገበሬ ሽንኩርትና ማሽላ የምሸጥ፣ ማዳበሪያ የማስመጣ፣ የተቃጠለ ፓምፕ የማስጠግን እኔ ነኝ፤ «ተወካይ» ተብዬ፣ በምክትል ደሞዝ። ሽንኩርት ኪሎው ወደ ስምንት ብር ወርዶ ገበሬው እዚያው ማሳው ላይ ሊያርሰው ሲል ነጋዴ አፈላልጌ ያስጫንኩ እኔ ነኝ። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ቁጭ ብዬ፣ በየኬላው እየለመንኩ ወልድያ የደረስኩ እኔ ነኝ። በማዳበሪያ ወረፋ ዱላ የተማዘዙ ጎረምሶች መሃል ገብቼ የገላገልኩ እኔ ነኝ፤ አንዷ ዱላ ትከሻዬ ላይ አርፋ ዛሬም ሲደመን ትቆረጥመኛለች። ቋሚው ሥራ አስኪያጅ ዛሬ እንደሚሰየም አውቅ ነበር። ለዚሁ ብዬ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር አውጥቼ ቀሚስ ገዝቻለሁ። እኔው ራሴ ለራሴ ሠርግ ደግሼ ኖሯል።

ፊቴን ሳልታጠብ ነጅሙዲን ሱሪውን ክንዱ ላይ ጥሎ ገባ። «እትዬ፣ ካውያሽን» አለኝ። የነሱ ክፍል ሶኬት ከተቃጠለ ከርሟል፤ ሁልጊዜም የሚተኩሰው የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰጠሁት። ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ውሃ ረጭቶ ሲተኩስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዱን እግር ጨርሶ ገለበጠና ሌላውን ጀመረ። መብራት ዛሬ ይውል ይሆን አለኝ። ማን ያውቃል አልኩት። ቲማቲም ስንት ገባ አለኝ፤ ትናንት ሠላሳ አምስት ነበር አልኩት። ይሄን ልጅ እናታችን ስትሞት ገና አፉን በቅጡ ሳይፈታ ነው የተረከብኩት። ባሌ «ለዘመድ ስጪው» ቢለኝ ባሌን ለዘመዶቹ መለስኩና እሱን አሳደግኩ። ያስተማርኩት ደግሞ ፊደል ብቻ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ሰው ቤት ሲያቀርቡልህ መጀመሪያ በቃኝ በል፤ ወንበር ሲለቁልህ የለም ይቀመጡ በል፤ ትሪ ላይ እጅህ ቀድሞ አይግባ። ቁንጥጫም ነበረበት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ፂም አውጥቶ፣ በኔው ካውያ እየተኮሰ ዓይኔን አያይም። ሲጨርስ ገመዱን ጠቅልሎ፣ አላህ ይስጥሽ እትዬ ብሎኝ ወጣ።

ሥራውንም ቢሆን ከሌላ አልተማረውም። አምና አንድ የእርዳታ ድርጅት «ውጤታማ መሪ ከውስጥ ማፍራት» የሚል ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ነባሩ ሠራተኛ አንድ አንድ ወጣት ይዞ ያብቃ ተባለ። ለኔ ነጅሙዲን ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከነጋዴ ጋር እንዴት እንደሚደራደሩ፣ የተቆጣ ገበሬ እስኪጨርስ እንዴት ዝም ብለው እንደሚሰሙ፣ ሽማግሌ ያለበት ስብሰባ ላይ መቼ አፍ እንደሚከፈት፣ አንድ ሳላስቀር አሳየሁት። በየስብሰባው ደግሞ «አሁን እኔ ብታመምም ሥራው አይቆምም፣ ነጅሙዲን አለላችሁ» እያልኩ እኮራ ነበር። ምክትሌን የማሳድግ መስሎኝ ነዋ! ቢሆንም አዲሱን ቀሚስ ለበስኩ።

ባጃጅ በቤንዚን እጥረት ሠላሳ ብር ገብታለች፤ አልጠበቅኳትም፣ በእግሬ ሄድኩ። የዩኒየኑ ግቢ ገና በጠዋቱ ወበቅ ነው። በቀይ መረብ የተሞላው ሽንኩርት መጋዘኑ በር ላይ ተከምሯል፣ አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ባነሩ ተሰቅሏል። ለአባላቱ ሲሰጥ የሰነበተው የሦስት ቀን የአመራር ስልጠና መዝጊያ ዛሬ ነው። ምሳውም አበሉም ባንድ እንዲያልቅ ተብሎ ጠቅላላ ጉባኤው አብሮ ተደርቧል፤ የሮቢት፣ የጎብዬ፣ የዋጃ ማህበራት ተወካዮች እየገቡ ነው። እኔ ቀጥ ብዬ የቦርዱ ሰብሳቢ ቢሮ ገባሁ። ጋሽ እንዳለው የጎብዬ ሰው ናቸው፤ ገበሬም ነጋዴም፣ ምላሳቸው ማር የሆነ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። አልካዱም። ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ «ራስሽ አልፈልግም ብለሽ የለም እንዴ፣ ሰይዳ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ቦርዱ ጠርቶኝ፣ ቋሚ ሥራ አስኪያጅ ልንሰይም ነውና አንቺ ብትይዢው ምን ይመስልሻል አሉኝ። እኔም ያደገ ሰው የሚለውን አልኩ፤ «ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ከኔ የሚሻል ፈልጉ፣ እነ ነጅሙዲንም አሉ።» እኛ አገር የሰጡትን ባንዴ ላፍ የሚያደርግ ማን ነው? ወጥ ሲጨመርልህ በቃኝ ትላለህ፣ በሞቴ ይሉሃል፣ ኧረ በልቻለሁ ትላለህ፣ ሦስተኛው ላይ ትጎርሳለህ። ሰላት ሲቆም ኢማሙ ከሌለ ወንዶቹ «አንተ ቅደም»፣ «የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ ይቆዩና የሚገባውን ሰው ትከሻውን ይዘው ይገፉታል። ዘሎ የቀደመውን ማን ሰው ይለዋል? እነ ነጅሙዲንም አሉ ማለት ደግሞ የእጅ ውሃ ሲመጣ ከጎንህ ላለው «ቅደም» እንደማለት ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ጋሽ እንዳለው «እሺ፣ እናመሰግናለን» አሉኝ። ሌላ ቀን ይጠሩኛል ብዬ ወጣሁ። ስጠብቅ ወሩ አለቀ፤ ሞኝ!

«ጋሽ እንዳለው፣ እርስዎ ቤት ምሳ ተጋብዤ በቃኝ ስል ዝም አሉኝ እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። ያ ምግብ ነው፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ነው አሉ። እሳቸው ራሳቸው ሰብሳቢ ሲመረጡ እምቢ ብለው ወጥተው ከግቢው በር ላይ በጋቢያቸው ተጎትተው እንደተመለሱ አስታወስኳቸው፤ እኔ ዓይኔ እያየ ነው። ሳቃቸውን ተዉት። ከዚያ እውነቱ ወጣ። በዚህ ዘመን ባህር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው እንፈልጋለን፣ ሴት ልጅ በዚህ መንገድ አሉኝ። በዚያው መንገድ ላይ በየኬላው እየለመንኩ የከረምኩት እኔ መሆኔን አጥተውት አይደለም። ደግሞም ወንድምሽ እኮ ነው፣ ያበቃሽው አንቺ፣ ልትኮሪ ይገባል፤ ቦርዱ ያቀርበዋል፣ ጉባኤው ካልተቃወመ ይጸድቃል ብለው ስልካቸውን አነሱ። ጉባኤው ካልተቃወመ! ስሙ የተጠራን የሰው ልጅ ፊት ለፊት «አንፈልግህም» የሚል የቆቦ ሰው ከየት ይመጣል? የሚከፈት በር አንድ ብቻ ነው። የተጠራው ራሱ እምቢ ሲል። ያኔ ሌላ ስም መጥራት ነውር አይሆንም። የኔ ነገር እንግዲህ ነጅሙዲን አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

የጠዋቱ ስልጠና እንዴት እንዳለፈ እኔ አላውቅም። ይሁኔ የሚባለው አሰልጣኝ፣ ከደሴ የመጣ ቀልጣፋ ልጅ፣ ሰፊ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቀስት በቀስት አደረገው። መሪ የሚፈልገውን ፊት ለፊት ይናገራል፣ ይሉኝታ የመሪ ጠላት ነው አለ። ከዚያ ሁላችንንም አስነስቶ «እችላለሁ! ይገባኛል!» እያሰኘ አስጮኸን። የሮቢቱ አያ ሙህሲን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ በሳቅ ሊሞቱ ነው። ጎብዬዎቹ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። ነጅሙዲን ግን ከልቡ ነበር የሚጮኸው።

ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ በጀን፤ ጾም ስለሆነ የክርስቲያን የእስላም ሥጋ ብሎ ጠረጴዛ መለያየት የለም፣ ሁሉም አንድ ላይ በያይነቱ ቀረበለት። ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ሃያ ብር የተከፈለበት፣ ሽሮውና ምስሩ ተለይቶ የማይታወቅ በያይነቱ። ነጅሙዲንን እጁን ይዤ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ አስቀመጥኩትና አንድ ትሪ ላይ ቀረብን። ጎመኑን ወደኔ ገፋ አደረገው፤ እኔ ጎመን እንደምወድ ያውቃል። ያቺ ነገር ይበልጥ አናደደችኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እኔ አልጠየቅኳቸውም አለኝ። ሲሰጡህስ ምን አልክ ስለው፣ «እሺ አልኩ» አለ። በስንተኛው ላይ አልኩት። አቀርቅሮ፣ በመጀመሪያው አለኝ። ሱብሃነላህ! እኔ ያሳደግኩት ልጅ፣ በመጀመሪያው!

ጀዊሪያ እኮ ነፍሰ ጡር ናት እትዬ አለኝ ቀስ ብሎ። አውቃለሁ፤ ሲያስመልሳት ጀርባዋን የማሸው እኔ ነኝ። በባለሙያ ደሞዝ ልጅ አይታደግም አለኝ። ምክትል ሆነህ ከኔ ጋር ትሠራለህ፣ ወንበሩም ኋላ ያንተው ነው፣ እኔ እስክሞት እይዘዋለሁ ወይ አልኩት። ሽሮው ላይ ጣቱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

«አንድ ጊዜ እምቢ በል» አልኩት። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም ነጅሙ። ስምህን ሲጠሩ ተነስተህ፣ እህቴ እያለች እኔ አልቀድምም በል። የቀረውን ገበሬው ያውቃል።»

ቀና አለና ጠዋት ሙሉ ሲሸሸው የዋለውን ዓይኔን አየ። «ወላሂ እላለሁ እትዬ» አለኝ። ደረቴ ቀለል አለኝ። ክፉ ሳስብበት መዋሌ ቆጨኝ፤ ልጄ እኮ ነው አልኩ። ጎመኑን ጠቅልዬ አጎረስኩት።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ አዳራሹ የዳቦ ምድጃ ሆነ። ሰው በስልጠናው ማህደር ራሱን ያራግባል። ጋሽ እንዳለው ተነስተው ስለ ዩኒየኑ እድገት፣ ስለ ተተኪ ትውልድ፣ ስለ ሰላም ብዙ ተናገሩ፤ በመሃሉ «በወይዘሮ ሰይዳ እጅ የበቃው» ሲሉ ወደኔ በፈገግታ ዞሩ። ከዚያ የነጅሙዲንን ስም ጠሩ። ፊት ያሉት ማጨብጨብ ጀመሩ፤ የኋላዎቹ ግን ተያዩ። ነጅሙዲን ተነሳ።

«እኔን ያሳደገችኝ፣ ሥራም ያስተማረችኝ እህቴ እዚህ ተቀምጣ እኔ ከፊቷ ልቅደም?» አለ። «ኧረ አይሆንም። ከኔ የሚሻል ፈልጉ።»

አዳራሹ «እምም» አለ። ከንፈር መጠጡ። አንዲት የጎብዬ ሴት፣ ሳሊሀ የምትባል ወዳጄ፣ ዓይኗን ጠረገች። አያ ሙህሲን በዱላቸው ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ልጁ ልክ ነው፣ ሰይዳ እያለች ሌላ ምን ፍለጋ ነው፣ በጭንቁ ቀን ያልሸሸችን እሷ ናት አሉ። እውነት ነው የሚል ከዚህም ከዚያም ተነሳ። ስሜ ከወንበር ወንበር ሲሄድ ሰማሁት። አልዋሽም፣ ደስታዬ ወሰን አጣ። እነዚህ ሰዎች አልረሱኝም! የጋሽ እንዳለው ፊት ጠቆረ። ግን እሳቸው ዝም ብለው ሰብሳቢ አልሆኑም፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው አዳራሹን ጸጥ አሰኙና ድምፃቸውን አለሳልሰው ወደኔ ዞሩ።

«ሰይዳ፣ ጉባኤው ጠርቶሻል። ሥራ አስኪያጅነቱን ትፈልጊዋለሽ ወይ?»

ቆምኩ። ምን ልበል? ኧረ እኔ አልችልም ብል ወጉ ነው፤ ገበሬው ይለምነኛል፣ እነሳሊሀ ጎትተው ያወጡኛል። ግን ሰውዬው ባለፈውም ይህንኑ ብላቸው «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብለው ዘግተውብኛል። ዛሬም ገበሬው አፉን ሳይከፍት ቢዘጉብኝስ? ሁለት ጊዜ እምቢ ያለች ተብዬ ልቅር? ዓይናቸውን አየሁት፤ የሚጠብቁት ያንኑ ነው። ይሁኔ ጥግ ቆሞ አውራ ጣቱን አሳየኝ። የወሩ ንዴት፣ የጠዋቱ ካውያ፣ የትከሻዬ ዱላ፣ ሁሉም ባንዴ አፌ ላይ መጣ።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ። «ይገባኛልም። ስሠራው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ማህደር ማራገቡ እንኳ ቆመ። ሳሊሀ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከኋላዬ አንዱ፣ ማዳበሪያ በትከሻዬ ያሳለፍኩለት የዋጃ ሰው፣ «ዓይኗን በጨው አጥባ!» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሌላው ምነው ወንድሟ እንዲህ ሲያከብራት አለ። አያ ሙህሲን ቀስ ብለው ተቀመጡና የዱላቸውን ጫፍ ማየት ያዙ። ልመልሰው፣ ኧረ ስቀልድ ነው ልበል አልኩ፤ ከአፍ የወጣ አይመለስም። ፊቴ እሳት ሆነ። እንዲያው ቆሜ ቀረሁ፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ።

ጋሽ እንዳለው ጊዜ አላጠፉም። መልካም፣ እንግዲህ ጉባኤው ይምረጥ አሉ። ለኔ እጅ ሲጠየቅ የሳሊሀ እጅ ጆሮዋ ድረስ ወጣ፤ ግራ ቀኝ አየችና ፀጉሯን ያስተካከለች መሰለች። ለነጅሙዲን ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ነጅሙዲን ለማንኛችንም እጁን አላወጣም። ናልን ሲሉት ግን ወንበሩን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «ኧረ ተዉኝ፣ እኔ ገና ነኝ፣ ኧረ በአላህ» አለ። ሁለተኛውንም እምቢ አለ። ያንን እኔ አላዘዝኩትም። ከልቡ ይሁን አዳራሹን አንብቦ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅ። ሰው ግን አበደለት፤ ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው፣ አያ ሙህሲን በዱላቸው ጀርባውን እየገፉ ወደፊት አወጡት። ሦስተኛው ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንግዲህ ካላችሁ» አለ። እልልታው ከግቢው ውጭ አስፋልቱ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ጉባኤው ሲበተን ሰው በአጠገቤ የሚያልፈው አቀርቅሮ ነው። እኔ ባነሩ ስር ቆሜያለሁ። ነጅሙዲን በሰው ተከቦ ከሩቅ አየኝና ሊመጣ ሲል ጋሽ እንዳለው ክንዱን ይዘው ወደ ቢሮው ወሰዱት። የመጡልኝ አያ ሙህሲን ብቻ ናቸው። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ ሰይዳ» አሉኝ፣ «ወንበር እየሰጡት እምቢ የሚል ወጣት ዛሬ ከየት ይገኛል? ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው። አላህ ይክፈልሽ። እሱ የያዘውን ያሰንብትለት፣ አንቺንም ልብሽን ያሳርፍልሽ።»

መዳፋቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። ምርቃት ሲሰማ የሚያልፍ ሰው የለምና ሲወጡ የነበሩት ሁሉ ቆሙ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ በየመሃሉ አሚን ይላሉ። ሳሊሀ እንኳ ከበሩ ተመልሳ ዘረጋች። ሲጨርሱ ሁሉም እኔን ያያሉ፤ የተመረቀችው እኔ ነኝና አሚን እስክል ይጠብቃሉ። እጄን አወጣሁ። አሚን አልኳቸው፤ ሌላ ምን ልበል።